አንድ ካዋንዲ ስንት ቀን ይፈጃል? የህንድ «ሐብሺ» ሴቶች መርፌና ጊዜ



ከቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ የተሰፋ ብርድ ልብስ ያየ ሰው ሁሉ የሚያነሳት አንዲት ጥያቄ አለች፦ «ይሄ ስንት ጊዜ ፈጀ?» ፈረንጆቹ ኩዊልት ይሉታል። አሜሪካና አውሮፓ የምንኖር በየጎረቤቱ አልጋና በየሙዚየሙ ግድግዳ ላይ እናየዋለን። እኔ ነርስ ስለሆንኩ ደግሞ በጎ ፈቃደኛ እናቶች ትንንሾቹን ሰፍተው ለጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሲያመጡ አያለሁ።

ብዙ ሰው መልሱን ከቁራጩ ብዛት ያሰላዋል። ቁራጩ ከበዛ ጊዜው ይረዝማል፣ ካነሰ ያጥራል ይላል። ይህ እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ሌላውን ግማሽ ያስተማረኝ የአንድ ሕዝብ ታሪክ ነው። ሕዝቡ የሚኖረው ህንድ ውስጥ ነው፤ ሲዲ ይባላል። የቆየ ስሙ ግን እኛንም ይነካናል፦ ሐብሺ። ሴቶቹ የሚሰፉት ብርድ ልብስ ካዋንዲ ይባላል። ዛሬ ስለ እሱ እናውራ፤ እንዴት እንደሚሰፋ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚጠይቅ፣ ያ ጊዜስ ከየት እንደሚመጣ።

ሐብሺ የተባሉት እነማን ናቸው?

ዐረቦች አገራችንን ሐበሻ ይሏት እንደነበር ከሲራ ሁላችንም እናውቃለን። ቢላል (ረዲየላሁ ዐንሁ) «አል ሐበሺ» ይባሉ ነበር። ይኸው ስም ከነጋዴዎች ጋር የህንድ ውቅያኖስን ተሻገረና ህንድ ውስጥ ሰፋ። በጊዜ ብዛት ከአፍሪካ የመጣ ሰው ሁሉ፣ ከየትኛውም አገር ይምጣ፣ «ሐብሺ» ተባለ። «ሲዲ» የሚለው ሌላው ስም ደግሞ «ሰይዲ»፣ ማለትም «ጌታዬ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል እንደመጣ ይነገራል።

ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ በእርግጥም ከኢትዮጵያ የሄዱ ነበሩ። ማሊክ አምበር በ1548 እ.ኤ.አ. ገደማ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወለደ፤ በልጅነቱ ተሸጦ በየመኗ ሞካና በባግዳድ በኩል አልፎ ደቡብ ህንድ ዴካን ደረሰ። ባሪያ ሆኖ የገባበት አገር ውስጥ የአሕመድናጋር ሱልጣኔት ጠቅላይ ሚኒስትርና የጦር መሪ ሆነ፤ የሙጋሎችን ጦር ለዓመታት ተቋቋመ፤ በኋላ አውራንጋባድ የተባለችውን ከተማ ቆረቆረ፤ በ1626 ሞተ። በአሕመዳባድ ከተማ ደግሞ ሲዲ ሰይድ የተባለ ሌላ ሐብሺ በ1572 እና 73 ያሠራው መስጊድ እስከ ዛሬ ቆሟል። የመስኮቶቹ ድንጋይ እንደ ዳንቴል ተፈልፍሎ የዛፍ ቅርንጫፍ ስለሚመስል ሰው ከሩቅ እየመጣ ያየዋል።

እነዚህ ስማቸው የተጻፈላቸው ናቸው። ያልተጻፈላቸው ግን እጅግ ይበዛሉ። ፖርቱጋሎች ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ብዙ አፍሪካውያንን፣ በተለይ ከደቡብ ምሥራቅ አፍሪካ፣ በባርነት ወደ ጎዋ ያመጡ ነበር። ከእነሱ ውስጥ ያመለጡትም ነፃ የወጡትም ከጎዋ በስተደቡብ ምሥራቅ ወዳለው ተራራማ ጫካ ገቡ። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ በካርናታካ ክፍለ ሀገር፣ በሰሜን ካናራ አውራጃ መንደሮች ይኖራሉ። ሙስሊም፣ ክርስቲያንና ሂንዱ ሲዲዎች አሉ። አብዛኞቹ በእርሻ ሥራና በቀን ሠራተኝነት የሚተዳደሩ ናቸው። በአገሬው ቋንቋዎች ይናገራሉ፤ የአያቶቻቸውን የአፍሪካ ቋንቋ አያውቁትም። በ2003 የህንድ መንግሥት በካርናታካ ልዩ ድጋፍ ከሚገባቸው ነባር ጎሣዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባቸው።

እንግዲህ ካዋንዲ የእነዚህ ሴቶች ሥራ ነው። ቤተ መንግሥት ያልገቡት፣ በስማቸው መስጊድ ያልተሠራላቸው ሴቶች ማለት ነው።

ካዋንዲ እንዴት ይሰፋል?

መጀመሪያ የተለመደውን የአሜሪካ ኩዊልት እናስብ። እሱ ሦስት ንብርብር አለው፤ ከላይ ፊቱ፣ መሃል ላይ የሚያሞቀው ጥጥ፣ ከታች ገበሩ። ሥራውም በደረጃ ነው። ጨርቁ ይለካል፣ ይቆረጣል፤ ቁራጮቹ እርስ በርስ ተሰፍተው ፊቱ ብቻውን ያልቃል፤ ከዚያ ሦስቱ ተደርበው እንዳይንሸራተቱ በስፌት ይያያዛሉ፤ መጨረሻ ላይ ጠርዙ ይታጠፋል። ይህም ማለት እያንዳንዷ ቁራጭ ቢያንስ ሁለት ጊዜ በመርፌ እጅ ታልፋለች፤ አንዴ ስትገጣጠም፣ አንዴ ስትደረብ።

የሲዲ ሴት ግን እንዲህ አታደርግም። ከታች ሰፊ ጨርቅ፣ ብዙ ጊዜ አሮጌ ሳሪ፣ ትዘረጋለች። ቁራጮቹ ከቤተሰቡ ያለቀ ልብስ የሚቀደዱ ናቸው። ከአንድ ጥግ ትጀምርና የቁራጩን ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፋ ገበሩ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ መርፌዋን ገባ ወጣ እያደረገች በቀጥታ መስመር ትሰፋለች። አጠገቡ ሌላ ቁራጭ ታስገባለች፣ ትቀጥላለች። ጠርዙን ተከትላ ዙሪያውን ትዞራለች፤ አንዱን ዙር ስትጨርስ ወደ ውስጥ ገባ ብላ ሌላ ዙር ትጀምራለች። እንዲህ እየዞረች መሃሉ ላይ ስትደርስ ሥራው አበቃ።

ልብ አላችሁ? ቁራጩን የምትገጥመውም፣ ንብርብሩን የምታያይዘውም በዚያችው አንዲት ስፌት ነው። ፊቱን ለብቻ መሥራት የለም። መሃል የሚገባ የተለየ ጥጥም አያስፈልግም፤ ሙቀቱ የሚመጣው ከተደራረበው ጨርቅ ነው። በአንድ ጉዞ ሁለት ሥራ ይሠራል።

ይህ የኛን አገር ስፌት የምታውቅ እህት ማስታወሷ አይቀርም። እኛ ጨርቁንም ሰፌዱንም «ስፌት» እንላለን። የሐረር እናቶች ግድግዳቸውን የሚያስጌጡበት ስፌትም እንዲሁ እየዞረ ነው የሚሠራው። ልዩነቱ እሱ ከመሃል ተነስቶ ወደ ጠርዝ ይሰፋል፤ ካዋንዲ ከጠርዝ ተነስቶ ወደ መሃል ይጠባል። በሁለቱም ግን አክርማዋን ወይም መርፌዋን አስቀምጣ የሄደች ሴት ስትመለስ የት እንዳቆመች መፈለግ የለባትም።

ጊዜው በቁጥር

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የራሴን ስሌት ላሳያችሁ፤ ሙያዬ የጠብታና የመጠን ሂሳብ ስላለበት ሂሳብ አልጠላም።

ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል የሆነ ብርድ ልብስ እናስብ፤ ስፋቱ ሦስት ካሬ ሜትር ነው። የስፌቱ መስመሮች አንድ ሴንቲሜትር ቢራራቁ ጠቅላላ የስፌቱ ርዝመት 300 ሜትር ይሆናል። አንዷ ስፌት ግማሽ ሴንቲሜትር ከሆነች 60,000 ስፌት ማለት ነው። በደቂቃ 20 ስፌት ብንይዝ 3,000 ደቂቃ፣ ማለትም 50 ሰዓት ይፈጃል። በቀን ሁለት ሰዓት ያላት ሴት በ25 ቀን ትጨርሰዋለች።

አሁን መስመሮቹን ሁለት ሴንቲሜትር እናራርቃቸው። ርዝመቱ ወደ 150 ሜትር ይወርዳል፣ ጊዜውም ወደ 25 ሰዓት። ስለዚህ የመጀመሪያው የጊዜ ወሳኝ የስፌቱ ጥግግት ነው። የተጠጋጋ ስፌት ጊዜ ይበላል፤ በምላሹ ግን ብርድ ልብሱ ብዙ መታጠብን ይችላል።

ሁለተኛው መጠኑ ነው። የብርድ ልብሱን ርዝመትና ወርድ በግማሽ ብንቀንሰው ጊዜው በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ይወርዳል። የሕፃን መተኛ የሚሆን አንድ ሜትር በ75 ሴንቲሜትር ካዋንዲ በዚያው ስሌት 12 ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። ሲዲ ሴቶችም የካዋንዲን መጠን በሚተኛበት ሰው ይለኩታል፤ ለሕፃን የሚሆን አለ፣ ለአንድ ሰው የሚሆን አለ፣ ልጆች ተደራርበው የሚተኙበት ሰፊም አለ።

ሦስተኛው የቁራጩ ብዛት ነው። እዚህ ላይ ነው በካዋንዲና በሌላው ኩዊልት መካከል ትልቁ ልዩነት የሚታየው። ያንኑ ሦስት ካሬ ሜትር በአሜሪካኖቹ ዘዴ፣ አሥር ሴንቲሜትር ጎን ባላቸው አራት ማዕዘን ቁራጮች ብንሠራው 300 ቁራጭ ይፈልጋል። አምስት ሴንቲሜትር ብናደርጋቸው 1,200 ይሆናሉ። ቁራጩ በአራት እጥፍ ጨመረ፤ የመገጣጠሚያው ስፌት ርዝመት ግን ከ57 ሜትር ገደማ ወደ 117 ሜትር፣ ማለትም እጥፍ ገደማ ነው የጨመረው። ታዲያ ሰፊዋ ለምን እጥፍ ብቻ ሳይሆን ከዚያ በላይ ትደክማለች? ምክንያቱም ጊዜ የሚበላው ስፌቱ ብቻ አይደለም። መለካቱ፣ መቁረጡ፣ አራት ቁራጮች የሚገናኙባትን ነጥብ ማስተካከሉ አለ። በመጀመሪያው እንዲህ ያሉ ነጥቦች 266 ናቸው፤ በሁለተኛው 1,131። በአንዷ ነጥብ ላይ ትንሽ ከተዛባ ስሕተቱ ወደ ቀጣዩ ረድፍ ይተላለፋል።

ካዋንዲ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ነጥብ የለም። ቁራጭ በቁራጭ ላይ ይደረባል፤ አንዱ ቢጎብጥ ሌላው ይሸፍነዋል። ቁራጩ ቢበዛ ጊዜው ይጨምራል፤ ግን እያንዳንዱ ቁራጭ የሚጨምረው ማጠፊያዋን ብቻ ነው። ያየሁት ካዋንዲ ሁሉ ለዓይን ውስብስብ ነው። ዘዴው ግን ቀላል ነው። ስለዚህ ውስብስብ መምሰልና ብዙ ጊዜ መፍጀት ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

ብዙ እጅና አንድ እጅ

ጊዜን የሚወስነው አራተኛው ነገር የእጅ ብዛት ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የምንለው እዚህ ቃል በቃል ይሠራል።

ኤፕሪል 5 ቀን 1841 ራጃህ የምትባል መርከብ 180 ገደማ ሴት እስረኞችን ጭና ከእንግሊዝ ተነሳች፤ ጁላይ 19 ታዝማንያ ደሴት ሆባርት ወደብ ደረሰች። መንገዱ 105 ቀን ፈጀ። በኤልዛቤት ፍራይ የተመራው የእስረኛ ሴቶች ረጂ ማኅበር ለተሳፋሪዎቹ መርፌ፣ ክርና ቁራጭ ጨርቅ ሰጥቷቸው ነበር። ሴቶቹ በጉዞው ላይ አንድ ትልቅ የተገጣጠመ ጨርቅ ሰፉ፤ እያንዳንዱ ጎኑ ከሦስት ሜትር ይበልጣል፣ 2,815 ቁራጭ አለው። በላዩ የጠለፉት የምስጋና ጽሑፍ ጁን 1841 የሚል ቀን ይዟል። እስከ ጁን መጨረሻ እንኳ ብንቆጥር 86 ቀን ነው፤ በቀን በአማካይ ከ32 ቁራጭ በላይ ማለት ነው። ባሕር ላይ፣ በሚናወጥ መርከብ፣ በጠባብ ቦታ ይህን ለአንዲት ሴት ማሰብ ያስቸግራል። ለብዙ ሴቶች ግን ይቻላል፤ ተችሏልም። ዛሬ ጨርቁ በአውስትራሊያ ብሔራዊ የሥዕል ሙዚየም ተቀምጧል።

በተቃራኒው ጄን ስቲክል የምትባል የአሜሪካ ቬርሞንት ሴት በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ፣ በ1863፣ በስሟ የሚታወቀውን ኩዊልት ሠራች። መሃሉ ላይ ብቻ 169 ካሬዎች አሉት፤ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። በጥጉ ላይ ስሟን፣ ዘመኑን፣ ጊዜው የጦርነት መሆኑን፣ የቁራጩንም ቁጥር በክር ጻፈች፦ 5,602። አንድ ዓይነት ካሬ ደጋግሞ መሥራት እጅን ያፈጥናል፤ አሥረኛው ከመጀመሪያው በፍጥነት ያልቃል። 169 የተለያየ ካሬ ግን ሁልጊዜ እንደ አዲስ መጀመር ነው። ጄን ስቲክል ሰዓቷን አልጻፈችም፤ ቁራጮቿን ግን ቆጥራ ለትውልድ ተወች።

መኪናው ሲመጣ

የልብስ ስፌት መኪና ይህን ሁሉ የለወጠው ይመስለን ይሆናል። ኤልያስ ሃው በ1846 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ አይዛክ ሲንጀር በ1851 ተከተለ። ሲንጀር የሚለውን ስም በአገራችን የማያውቀው ልብስ ሰፊ የለም። በ1860ዎቹ የመኪናው አምራቾች ባሰራጩት ንጽጽር አንድ የወንድ ሸሚዝ በእጅ 14 ሰዓት ከ26 ደቂቃ፣ በመኪና 1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ይፈጃል ይል ነበር። የሻጭ ቁጥር ስለሆነ ትንሽ እንቀንስለት ብንል እንኳ ልዩነቱ ታላቅ ነው።

ታዲያ ኩዊልት ቀለለ? አልቀለለም። በ1880ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ፋሽን የሆነው የሐርና የከፋይ ቁራጮችን ያለ ቅርጽ ገጣጥሞ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በእጅ ጥልፍ ማስጌጥ ነበር። አብዛኞቹ ለብርድ አልነበሩም፤ ሳሎን ለማሳመር ነበሩ። መኪናው ለአንዳንዷ ሴት ያተረፈላትን ጊዜ እሷ መልሳ ለጥልፍ አዋለችው። ትርፍ ጊዜ የሚገኝበት ቤት ውስብስብ ሥራ ይፈጠራል።

በሲዲ መንደሮች ግን ትርፍ ጊዜ የሚባል ነገር አልነበረም። ጥያቄው «ይህን ጊዜ ምን ላድርግበት?» ሳይሆን «ጊዜ ከየት ላምጣ?» ነበር።

የተቆራረጠ ጊዜ

እዚህ ላይ ነው ሌላው ግማሽ መልስ ያለው። ይህን የተረዳሁት ከሥራዬ ነው።

ነርስ መድኃኒት ስታዘጋጅ መሃል ላይ ከተጠራች፣ ስትመለስ ካቆመችበት አትቀጥልም። ስሙን፣ መጠኑን፣ ሰዓቱን እንደገና ከመጀመሪያ ታረጋግጣለች። መቋረጡ አንድ ደቂቃ ቢሆንም የሚያስከፍለው ከአንድ ደቂቃ በላይ ነው። አልጋ ማንጠፍ ግን እንዲህ አይደለም። ቢያቋርጧችሁ ተመልሳችሁ የቀረውን ትስባላችሁ። ሁለቱም ሥራ በሰዓት ሲለኩ እኩል ሊሆኑ ይችላሉ፤ በተቆራረጠ ቀን ውስጥ ግን አይተካከሉም።

ስፌትም እንዲሁ ነው። 169 የተለያየ ካሬ የምትሰፋ ሴት ሕፃን አልቅሶ ብትነሳ፣ ተመልሳ የትኛው ቁራጭ ከየትኛው እንደሚገናኝ መፈለግ አለባት። ካዋንዲ የምትሰፋዋ እናት መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ትነሳለች፤ ወጡን አማስላ፣ ልጁን አጥብታ፣ ሰላቷን ሰግዳ ስትመለስ መርፌው ባለበት ነው። ለእሷ ጊዜ በሰዓት አይመጣም፤ በሩብ ሰዓት ነው የሚመጣው። ካዋንዲ የተሠራው ለሩብ ሰዓት ነው።

ለእኔ የዚህ ታሪክ ዋናው ነገር ይህ ነው። የእነዚህ ሴቶች አያቶች ሁሉ ነገራቸው ተወስዶባቸዋል፤ አገራቸው፣ ቋንቋቸው፣ ብዙዎቹም ስማቸው። የሴት ልጅ ቀንም የራሷ አልነበረም። ያለቀ ልብስና የተቆራረጠ ጊዜ ብቻ ቀራቸው። ሁለቱም ቁርጥራጭ ነው። ከሁለቱም የሚያሞቅ ነገር የሚወጣበትን ዘዴ ያዙ፤ ለልጆቻቸውም አወረሱ።

ረሱላችን (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ትንሽ ቢሆንም የሚዘወተረው መሆኑን እንዳስተማሩን ታስታውሳላችሁ። እናታችን ዓኢሻም (ረዲየላሁ ዐንሃ) ረሱል በቤታቸው ልብሳቸውን በራሳቸው ይሰፉ እንደነበር አስተላልፈዋል። በአማርኛችን «ድሪቶ» የሚለው ቃል የድህነትና የውርደት ሽታ አለው። በዲናችን ግን ልብስን መጥቀም አሳፋሪ ሆኖ አያውቅም።

«ይህ ጊዜ ስንት ብር ነው?»

ጊዜን ስናነሳ ዋጋን ሳናነሳ ብናልፍ ግን ግፍ ይሆናል።

ሃሪየት ፓወርስ በ1837 አሜሪካ ጆርጂያ ውስጥ በባርነት የተወለደች ሴት ናት። ነፃ ከወጣች በኋላ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን በጨርቅ ምስል የሚያሳይ ባለ 11 ክፍል ኩዊልት ሰፋች፤ በ1886 በአቴንስ ከተማ የጥጥ ትርኢት ላይ ቀረበ። ጄኒ ስሚዝ የምትባል የሥዕል አስተማሪ ልትገዛት ፈለገች፤ ፓወርስ እምቢ አለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቤቷ ሲቸግራት ራሷ ይዛው መጣች። አሥር ዶላር ጠየቀች፤ በአምስት ሸጠችው። ዛሬ ያ ኩዊልት ዋሽንግተን ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ውስጥ ነው።

ሲዲ ሴቶችም ተመሳሳይ ጥያቄ ገጥሟቸዋል። በ2004 ሄንሪ ድሬዋል የሚባል የአፍሪካ ጥበብ ታሪክ ምሁር ባገዘው ጥረት የሲዲ ሴቶች የካዋንዲ ኅብረት ሥራ ተቋቋመ፤ በ2011 ሥራዎቻቸው ኒውዮርክ በሚገኘው የሾምበርግ ማዕከል ለእይታ ቀረቡ። ለቤት የሚሰፋ ነገር ለገበያ ሲሆን ሰዓቱ ይቆጠራል። ያቺን የ50 ሰዓት ስሌት አስታውሷት፤ ገዢ «አሮጌ ጨርቅ አይደለም እንዴ?» ብሎ ሲከራከር የሚያየው ጨርቁን ነው። ሰዓቱ አይታየውም። እኛም በየባዛሩ የእናቶችን የእጅ ሥራ ስንገዛ ዋጋ ከመቁረጣችን በፊት «ይህ ስንት ሰዓት ነው?» ብለን ብንጠይቅ ፍትሕ ነው።

ፉላ

አንድ ነገር ቀረኝ። ካዋንዲ መሃሉ ተሞልቶ ካበቃ በኋላ ለብርድ በቂ ነው፤ ምንም አይጎድለውም። ሲዲ ሴቶች ግን በዚህ አይተዉትም። አራቱ ጥጎች ላይ ከትንንሽ ጨርቅ ታጥፈው የተሠሩ ሦስት ማዕዘኖችን ይሰፉበታል። ፉላ ይሉታል፤ አበባ ማለት ነው። ፉላ የሌለው ካዋንዲ ለእነሱ እርቃኑን እንደቀረ ነው። ሙስሊሞቹ አንዳንዴ የጨረቃ ምስል ይጨምሩበታል፤ ክርስቲያኖቹ መስቀል።

ፉላ ሙቀት አይጨምርም፤ ጊዜ ብቻ ነው የሚወስደው። ዘዴያቸውን ሁሉ ጊዜ ለመቆጠብ ያበጁ ሴቶች እዚህች ላይ ግን ጊዜ አይሰስቱም። ሩብ ሰዓት ሩብ ሰዓት እየለቀሙ የጨረሱትን ሥራ ሳያስጌጡት ከእጃቸው አያወጡትም።

መሞከር ለምትፈልጉ

ብዙዎቻችን ቁም ሳጥን ውስጥ ልጆች ያደጉበት ልብስ ተከምሯል፤ ለሰው የማይሰጥ፣ ለመጣልም የሚያሳሳ። በሕፃን መጠን ጀምሩት። አንድ ሜትር በ75 ሴንቲሜትር ገበር ዘርጉ፤ አሮጌ ሻሽ ወይም አንሶላ ይሆናል። የተጣበቀ ቁልፍና ዚፕ ካለ አውጡለት፤ ሕፃን የሚተኛበት ነገር ላይ የሚፈታ ነገር እንዳይኖር። ከአንድ ጥግ ጀምራችሁ ጠርዙን ተከትላችሁ ዙሩ። መስመሩን አንድ ሴንቲሜትር አራርቁ። ስሌታችን 12 ሰዓት ተኩል ነበር፤ በቀን ግማሽ ሰዓት ብታገኙ በ25 ቀን ኢንሻአላህ ያልቃል። ለጀማሪ እጅ ደግሞ እጥፍ ያዙለት። ከአንድ ዓመት በታች ያለ ሕፃን ሲተኛ ፊቱ ላይ ሊደርስ የሚችል ልቅ ብርድ ልብስ አይደረብለትም፤ ስለዚህ መሬት ላይ አንጥፋችሁ ነቅቶ እንዲጫወትበት አድርጉ።

ልጃችሁ ሲያድግ «ይሄ የኔ ሸሚዝ ነበር፣ ይቺ የአያቴ ቀሚስ ናት» እያለ በጣቱ ያሳያችኋል። ያኔ ደግሞ ህንድ ውስጥ ስላሉት፣ በኛ ስም ስለተጠሩት ሴቶች ንገሩት። ጥጎቹ ላይ ፉላውን አትርሱ።

አላህ በጊዜያችን ላይ በረካ ያድርግልን፤ የእጃችንን ሥራ የሚጠቅም ያድርገው።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።